አባቴ የተቀመጠበት ስፌት

ባለፈው ሳምንት አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ እንደ ሐውልት ተተክዬ ቀረሁ። ውስጥ ያለው ወጣት ቫርኒሽ አልቆበት ነው መሰለኝ፣ የአልጋ ራስጌ በሰሊጥ ዘይትና በቀለጠ ሰም ያሻል። ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ጎተተኝ። ልጁ መጀመሪያ ገዢ መሰልኩትና ፈገግ አለ፤ ቆይቶ እብድ መሰልኩትና ፈገግታውን ሰበሰበ፤ በመጨረሻ፣ "ማዘር፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለኝ። "ማዘር" መባሉ ቆንጠጥ ቢያደርገኝም ወንበሩን አልጠላሁትም። ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት የሰው አልጋ አሸተትኩ።

እኔን የሸተተኝ ግን አልጋ አልነበረም። የዳቡስ ወንዝ፣ የራሰ የፍየል ቆዳ፣ የቀርከሃ ጭስና የአባቴ ላብ ነው። ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት ክረምት እንዳለ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ስለዚያ ክረምት የምነግራችሁን ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙኝ። አባ ሀምዳን እግር ሥር ያደገ ልጅ ነገር በልኩ መናገር አይችልም፤ እሳቸው አንዲት ዓሣ ካጠመዱ ወንዙ ጎደለ ብለው የሚያወሩ ሰው ነበሩ።

አባቴ እንድሪስ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣ አናጢ ነው። መጋዝና መላጊያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ራሱ ግን በብርድ እየተንቀጠቀጠ መጣ ይላሉ። ከባምባሲ ወደ ዳቡስ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለችው ሰፈራችን ውስጥ ያለ በር ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነበር። እባብ አይፈራም፣ ሹም አይፈራም፣ እናቴን እንኳ አልፎ አልፎ አይፈራም። ውሃ ግን ይፈራል። እሱ ፍርሃት አይለውም፤ አክብሮት ነው የሚለው። ከቤታችን ፊት ያለችውን፣ ዶሮ ዘላ የምታልፋትን ቦይ የሚሻገረው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ምርኩዝ ይዞ ነበር።

አባ ሀምዳን ደግሞ ውሃ ላይ ተወልደው የብስ ላይ በእንግድነት የሚኖሩ ይመስሉ ነበር። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ዳቡስ ዳር ነው። አባቴ ዘንድ በር ሊያሠሩ መጥተው፣ በሩ ካለቀ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። አማርኛን ከገበያ ስለለቀሙት እኔንም፣ እናቴንም፣ ላማችንንም "አንተ" ነበር የሚሉት። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ከላሟ ጋር እኩል መሆኑን ለመደችው።

ወሬያቸው ሁሉ ስለ ታንኳቸው ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ የዳቡስ ሙላት ሲረግብ፣ የወዲህና የወዲያ ዳር ሰዎች በታንኳ ይሽቀዳደማሉ። ከእኛ ዳር ተነስቶ ማዶ ያለውን ትልቅ ሾላ ቀድሞ የነካ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ዳር ፍየል ያርዳል። የአባ ሀምዳን ታንኳ አያታቸው ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ የፈለፈሉት ነው። ዛፉ ሲወድቅ ድምፁ ሱዳን ድረስ ተሰምቶ፣ የዚያ አገር ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው የተሰጣ ልብሳቸውን ሰበሰቡ አሉ። እኔ አመንኩ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልካድኩም። "መርከቤ" እያሉ ስለሚጠሩትም በመማሪያ መጽሐፋችን ላይ እንዳለው ጭስ የሚተፋ፣ መስኮት የደረደረ ነገር ነበር በልቤ የሳልኩት።

ግንቦት ላይ አባ ሀምዳን ኩርሙክ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ሄዱ። ሲሄዱ ለአባቴ፣ የመርከቡ አፍንጫ በስብሷልና ከቀርከሃው ጫካ ሥር ሄደህ እየው፣ ስመለስ እንጠግነዋለን ብለውት ነበር። አባቴ እኔን አስከትሎ ሄደ። ዳሩ ላይ ምንም የለም። ዞር ዞር ስንል ግን፣ በበጋ እንደ መስታወት ከጠራው ኩሬ ሥር አየሁት። ጭስ የለው፣ መስኮት የለው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሆዱን ድንጋይ የሞላ ነገር ከኩሬው ወለል ላይ ተጋድሟል። ትንንሽ ዓሦች በላዩ ይመላለሳሉ። የሞተ ግዙፍ ሰው ያየሁ መስሎኝ የአባቴን ሱሪ ጨበጥኩ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። የማዶዎቹ ሥራ ነው አለ፤ ሽማግሌው የሌሉበትን ጊዜ ጠብቀው በድንጋይ አስጠሙት። ሮጦ ሰፈር ገባና ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። ወንዶቹ ገመድ ይዘው መጡ፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አወጡ፣ ታንኳውን እያቃሰቱ ጎትተው ዳር አደረሱት። አባቴ የብስ ላይ ቆሞ በአክብሮት መራቸው። ሰፈራችን ከተቆረቆረ ወዲህ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም። የአገሬውን ሽማግሌ ንብረት ከጠላት አስጥለናላ።

አባቴ ደግሞ አንድ የማይሽረው ሕግ አለው፤ እርጥብ እንጨት አይነካም። አልጋም ሆነ ቁምሳጥን፣ ጣውላው በፀሐይ ካልደረቀ መጋዙ ከግድግዳ አይወርድም። ስለዚህ ታንኳውን አለት ላይ አጋድሞ ለግንቦት ፀሐይ ሰጠው። እንደ በርበሬ እያገላበጥን አሰጣነው። አንድ ቀን በቀትር ታንኳው ጧ የሚል ድምፅ አሰማ። ያስነጠሰ መስሎኝ "ይማርህ" አልኩት። እንደገና አስነጠሰ፤ እንደገና ይማርህ አልኩት። አባቴ ግን ምሳውን ጥሎ ተነሳ። ከአፍንጫው እስከ ሆዱ ድረስ፣ የእኔ እጅ የሚገባበት ስንጥቅ ተከፍቷል።

አባ ሀምዳን ከኩርሙክ ሲመለሱ ያገኙት ይህንን ነው። ሳል እንኳ ሲያስሉ ታሪክ የሚያክሉበት ሰውዬ ታንኳው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ እንደገና ከተቱ።

"ማን አወጣው?" አሉ በመጨረሻ።

አባቴ ወደ ማዶ ጠቆመ። "ጠላት አስጥሞብዎት አገኘነው፣ አባ ሀምዳን።"

"ጠላት እኔ ነኝ። ድንጋዩ የኔ ነው።"

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱት። ታንኳ በበጋ ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ ሕፃን እናቱ ሆድ ውስጥ እንደሚተኛ። ድንጋዩ ብርድ ልብሱ ነው። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ይህን ደግሞ ዳቡስ ዳር ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። አንድ ጥቅምት ያልተሽቀዳደመ ታንኳ ደግሞ ወንዙ ይረሳዋል፤ ሁለተኛ ውሃ ላይ አይወጣም፣ ተቆርጦ የፍየል ማጠጫ ገንዳ ይሆናል። የወንድማቸው ልጆች ወሬው ደርሷቸው ከወዲሁ በገመድ እየለኩ ነው፤ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው።

አባቴ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በወሎ ወግ ከታንኳው ሆድ ከወጡት ድንጋዮች ትልቁን አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመ፤ ጎንበስ ብሎም እሳቸው ፊት ቆመ። ይቅርታ መጠየቁ ነው።  አባ ሀምዳን እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ጥቂት ተመለከቱትና፣

"አንተ እንድሪስ፣ አውርድ" አሉት። "ድንጋዩን ለመርከቡ እፈልገዋለሁ።"

ሥራው በዚያች ቃል ተጀመረ። በመጀመሪያ ታንኳውን መልሰን አሰጠምነው፤ እነዚያው ጎረቤቶች ያወጡትን ድንጋይ እያጉረመረሙ መልሰው ጫኑ። ዝናቡ መጣ፤ ወንዙ ቀላ፣ አበጠ፣ ማታ ማታ እንደ በሬ ያጓራ ጀመር። ስንጥቁ ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ወደ ዳር አውጥተው በቀርከሃ ዳስ ሥር፣ በእርጥብ ሣር ጠቅልለው አስቀመጡት። እኔ ጠዋትና ማታ በቅል ውሃ እየቀዳሁ ማጠጣት ነበረብኝ። አባ ሀምዳን፣ እንዳይጠማው ጠብቀው፣ ታሞ ነው ብለውኛል። እኔ ደግሞ የታመመ ሰው ምን እንደሚሰጠው አውቃለሁ። አንድ ቀን እናቴን አታልዬ ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥቼ አፍንጫው አካባቢ አፈሰስኩለት። በማግሥቱ የዳቡስ ጉንዳን ሁሉ፣ ምናልባት የሱዳኑም ተጨምሮ፣ ታንኳው ላይ ሰፍሯል። አባ ሀምዳን ጉንዳኑን እያራገፉ እስኪያነቡ ሳቁ። ከኩርሙክ ከተመለሱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ሽማግሌውና አባቴ ሲሠሩ ይጣሉ ነበር። የበሰበሰውን አፍንጫ አባቴ በመጋዝ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ ሲጥል፣ አባ ሀምዳን የራሳቸው አፍንጫ የተቆረጠ ያህል ፊታቸውን ሸፈኑ። ስንጥቁን በምን እንዝጋ በሚለው ደግሞ ሰፈር የሚሰማው ጭቅጭቅ ሆነ። እሳቸው በራሰ የፍየል ጠፍር ይሰፋ ይላሉ፤ ሲደርቅ ይጨመድዳል፣ ይስበዋል። አባቴ ደግሞ ውሃ ሲገባ ጠፍሩ መልሶ ይላላል፣ በመካከሉ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ካልተሰካበት አይይዝም ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም አላመኑም። በመጨረሻ፣ ወስፌውን አባቴ ይዞ፣ ሁለቱንም አደረጉ፤ እያንዳንዳቸው የሌላው ትርፍ ሥራ መሆኑን እየተናገሩ።

ከዚያ መፋቅ ሆነ። በስባሪ ጠርሙስ፣ የብዙ ዓመት ጥቁር ቅርፊቱን ቀስ እያሉ አነሱለት። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ከዚያ አስቀያሚ ጥቁር ግንድ ሥር ቀይ ነገር ወጣ፤ እንደ ፍም ያለ፣ ደም ሥር ያለው፣ የሚተነፍስ የሚመስል። እንጨት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። እናቴን ሮጬ ጠራኋት፤ እሷም መጥታ አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ታንኳውን ሳትራገም ተመለሰች።

ከሥር ለዘብ ያለ የቀርከሃ እሳት ነድዶ ታንኳው እንዲሞቅ ተደረገ። ሰምና የዛፍ ሙጫ በሰሊጥ ዘይት አቀለጡ፣ የቀርከሃ አመድ ጨመሩበት፣ የስፌቱን ቀዳዳዎች በዚያ ደፈኑ። ከዚያ አባ ሀምዳን ጥሩውን ሰምና ዘይት በመዳፋቸው እየወሰዱ ያሹት ጀመር፤ ከአፍንጫው እስከ ኋላው፣ ከኋላው እስከ አፍንጫው፣ ሕፃን እንደሚታሽ። እየታሸ ያበራል። ፊቴን አስጠግቼ ሳየው አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከውስጥ አየችኝ። ታንኳው ውስጥ የምትኖር መሰለችኝና ሰላም አልኳት።

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አባ ሀምዳን እጃቸውን እየጠረጉ አባቴን ነገ ከሾላው ሥር ፍየል እንደምትበላ ታውቃለህ ወይ አሉት። አባቴ ሳቀ፤ ፍየሉን ተሻግራችሁ ብሉና ለእኔ አጥንቱን አምጡልኝ አለ። ሽማግሌው አልሳቁም። የወንዙ ሰዎች ሥርዓት አላቸው፤ የተጠገነ ታንኳ መጀመሪያ ውሃ ሲገባ የሰፋው ሰው ስፌቱ ላይ ይቀመጣል። ሰፊው እምቢ ካለ ማንም ቀዛፊ አይሳፈርም፤ እሱ ያላመነውን እኛ ለምን እናምናለን ይላሉ። ታንኳው ያው ገንዳ ይሆናል።

የአባቴ ፊት የመጋዝ ብናኝ መሰለ። "መዋኘት ሳልችል?" አለ።

"መዋኘት የሚችል ሰው ስፌት አላምንም" አሉ አባ ሀምዳን። "እሱ ቢፈርስ ይዋኛል። አንተ ግን አትችልም። ስለዚህ በደንብ ሰፍተሃል።"

እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወረደች። አባ ሀምዳን ፊት ቆማ፣ "ወንዙ ባሌን ቢበላው የምከሰው ወንዙን ነው ወይስ እርስዎን?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወንዙ ረጅም ስለሆነ ፍርድ ቤት አይገባም፣ እኔን ክሰስ አሏት። አባቴ ግን ተንበርክኮ እያንዳንዱን የስፌት ቀዳዳ በጥፍሩ እየነካ፣ ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ሆዱ ሄደ። ሲጨርስ እንደገና ጀመረ።

በማግሥቱ ዳቡስ ዳር ሰው እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ዳቡስን ያን ያህል ሰፊ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ማዶ ያለው ሾላ የጎመን እግር ያህል ነበር። ታንኳችን ውሃ ላይ ሲያርፍ ሕዝቡ ጫጫታውን አቆመ። ፀሐይ ስትነካው ወንዙ መካከል እሳት የተነሳ መሰለ። ቀዛፊዎቹ ጉልበታቸው ላይ ተደረደሩ፤ አባ ሀምዳን ከኋላ ረጅሙን መቅዘፊያ ይዘው ቆሙ። አባቴ የኢድ ነጭ ልብሱንና ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ መሐል ስፌቱ ላይ ተቀመጠ፤ ግራና ቀኙን ጨምድዶ። የማዶዎቹ ታንኳ አዲስ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። መሪው ጫላ የሚባል ደረተ ሰፊ ሰው፣ አባቴን አይቶ፣ ዘንድሮ አናጢ የጫናችሁት ስትሸነፉ የምታለቅሱበት አልጋ እንዲሠራላችሁ ነው ወይ ብሎ ጮኸ። አባ ሀምዳንም፣ አልጋ አይደለም፣ አንተ ፍየላችንን ስታበስል የምትቀመጥበት በርጩማ ነው አሉት። አባቴ ወዲህም ወዲያም አላየም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልናገር ብል ቃል ያጥረኛል፤ ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ልብ በሉ። ቀዛፊዎቹ በበርታ ቋንቋ ይዘፍናሉ፣ መቅዘፊያዎቹ እንደ አንድ ክንፍ ይነሳሉ ይወርዳሉ፤ ያ ቀይ ነገር ውሃውን የሚነካ አይመስልም ነበር። ግንድ ነበር፣ ምሎ የሚመሰክርልኝ ጉንዳን ሁሉ አለ። አሁን ግን የሚበር ነገር ሆኗል። ሰማያዊው ከጎኑ ነው፤ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይቀደማል።

ከመሐል ወንዝ ሲያልፉ አባቴ በግንባሩ ተደፋ። ስግደት መሰለኝ። ሰዓቱ ደርሶ ይሆናል፣ አልኩ ለእናቴ። እናቴ ክንዴን ጨብጣ የያዘችበት ቦታ እስከ ዛሬ ያመኛል ብል አትመኑኝ፣ ብቻ አመመኝ። ኋላ እንደሰማነው፣ አንዲት የስፌት ቀዳዳ ሰሟን ተፍታ ውሃ እንደ ምንጭ ፈልቆበት ነበር። አባቴ ቆቡን አውልቆ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀና በደረቱ ተኛበት። ውሃ የሚያከብረው ሰው፣ ዳቡስን በደረቱ ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ ማዶ እንዲያ ሄደ። አንድም ቀዛፊ ዞር ብሎ አላየም፤ ዘፈኑም አልተቋረጠም።

ተሸነፍን። በስንት ቢሉ፣ አባቴ ቆርጦ በጣለው አፍንጫ ልክ፤ በአንዲት ስንዝር። ግን ማን ግድ ሰጥቶት። የአባ ሀምዳን የወንድም ልጆች ገመዳቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከሁለቱም ዳር የተነሳው እልልታ ለአሸናፊው ይሁን ለታንኳው የለየለት የለም።

ፍየሉ ታርዶ ተበልቶ፣ ታንኳዎቹ ሰው መመለስ ጀመሩ። አንዱ መጣ፣ ሌላው መጣ፤ አባቴ የለም። አባ ሀምዳን ራሳቸው ተሻግረው መጡና አንገታቸውን እያከኩ ለእናቴ ነገሯት፤ እንድሪስ ሁለተኛ አልሳፈርም፣ በድልድዩ ዞሬ እመጣለሁ ብሏል። እስከ ድልድዩ ድረስ በእግር የሙሉ ቀን መንገድ ነው። እናቴ ልትስቅ ነው ልታለቅስ ነው ሳይለይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ማዶን አየሁ። ከሾላው ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች፤ ባዶ ራሷን።

አባ ሀምዳን ብቻቸውን ታንኳውን ይዘው ወደ ማዶ ተመለሱ። ሲደርሱ አልጠሩትም፤ ከታንኳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጥላ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ጠበቁ። ሰው እየተበተነ ሄደ፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ነጩ ነጥብ ተነሳ። ወደ መንገዱ ትንሽ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ። ውሃው ዳር ሲደርስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አልሰበሰበም፤ እንዳለ ገባ።

ታንኳው ሲመጣ መንገዱ እንደ እባብ ነበር፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴም ወደ ማዶ ሊመለስ ሲል። አባ ሀምዳን ከኋላ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ መቅዘፊያ አልያዙም። መቅዘፊያውን የያዘው ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ነው። ልብሱ በጭቃና በሰም ተለውሷል፣ ከራሱ ላይ ላብ ይንጠባጠባል፤ ያን ሁሉ ውሃ በዚያች ጠፍጣፋ እንጨት ወደ ኋላው እየገፋ ወደ እኛ መጣ። አባቴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለመጥራት ፈራሁ፤ ብጠራው የሚያቆም መሰለኝ።

ዳሩን በአፍንጫው ገጭቶ ቆመ። እናቴ ሮጣ ደረሰች፤ ልትሰድበው አስባ የመጣችውን ሁሉ ረሳችው። እሱ ወርዶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ እንደቆመ፣ ዞሮ ወንዙን አየ።

"ከማዶ ሲያዩት እኮ ጠባብ ነው" አላት።

አባ ሀምዳን ሊያጋንኑበት አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጨምሩበት አጡና መልሰው ዘጉት።